ለቲቸሮች የምስጋና ካርድ፦ ልጆቹ ራሳቸው እንዲሠሩት እንዴት ላድርግ?

የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ወላጆች፣ እንዴት ናችሁ። ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሴቷ ልጄ አራት ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ደግሞ ሰባት ሊሞላው ነው። ለቲቸሮቻቸው በእጃቸው የሠሩትን የምስጋና ካርድ ይዘው እንዲሄዱ እፈልጋለሁ። በጠቅላላው አምስት ካርድ ነው። ለእሷ ቲቸርና ለረዳቷ ሁለት፣ ለእሱ ሦስት።

አምና ሞክሬው ነበር። ኢንተርኔት ላይ አንድ የሚያምር የአበባ ካርድ አየሁና እሱን እንሥራ አልኩ። እያንዳንዱ የአበባ ቅጠል ለብቻው በመቀስ ተቆርጦ ነው የሚለጠፈው። ልጄ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነው። ሁለት እንደቆረጠች ወረቀቱ ተቀደደባት፣ መቀሱን ተቀብዬ እኔ ቆረጥኩ። ኮላውን አበዛችው፣ እሱንም ተቀበልኳት። መጨረሻ ላይ እሷ ጠረጴዛ ሥር ገብታ እያለቀሰች እኔ ብቻዬን እስከ እኩለ ሌሊት አበባ ስለጥፍ አመሸሁ። ካርዱ አምሮ ወጣ። ጠዋት ስንሰጥ ቲቸሯ ጎንበስ ብላ "አንቺ ነሽ የሠራሽው?" ስትላት ልጄ ዞር ብላ አየችኝና "እማዬ ናት" አለቻት። ይሄ ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ዘንድሮ እንደዛ እንዲሆን አልፈልግም። ለአራት ዓመት ልጅ የሚሆነው ምን ዓይነት ሥራ ነው? ወረቀቱስ? ደግሞ ትልቁ መጻፍ አይወድም፣ "ካርድ እንሥራ" ስለው ገና ፊቱ ይጠቁራል። አምስት ካርድ እስኪያልቅ ድረስ እንዴት ሳይሰለቻቸው ይዘልቃሉ? የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

የኬጂ መምህርት

እህቴ፣ "እማዬ ናት" ያለችው ነገር እኔንም ነክቶኛል። እኛ መምህራን ካርድ ስንቀበል መጀመሪያ የምናየው የልጁን ፊት ነው። የራሱን ሥራ የሚሰጥ ልጅ አይረጋጋም። ገና ሳትከፍቺው "ይሄ እኮ አንቺ ነሽ፣ ይሄ ፀጉርሽ ነው" እያለ በጣቱ ያሳይሻል። እናቱ የሠራችውን የሚሰጥ ልጅ ግን ሰጥቶ ይሄዳል።

አሥራ አንድ ዓመት ኬጂ አስተምሬያለሁ። የተሰጠኝን ሁሉ ማስቀመጥ አልችልም፣ ቤት አይበቃኝም። ግን አንድ የፕላስቲክ ፎልደር አለኝ፣ እዚያ የገባ ካርድ አይጣልም። ጥያቄሽን ሳነብ አውጥቼ አየሁት። አንዱ ከደብተር ሽፋን የተቆረጠ ወረቀት ነው፣ ጠርዙ ቀጥ አላለም። በሰማያዊ ከለር አንድ ትልቅ ክብ ተስሏል፣ ከክቡ ሁለት ረጃጅም እግሮች ወርደዋል፣ ሆድ የለም፣ እጆቹ ጆሮ አካባቢ ነው የሚጀምሩት። እኔ መሆኔ ነው። ከሥሩ በእናቷ ጽሑፍ "ቲቸር ጃኬቴን ስትቆልፍልኝ እጇ ይሞቃል" ይላል። ሌላ ቃል የለውም። ያቺ ልጅ ዛሬ ትልቅ ተማሪ ናት። ካርዷ ግን እኔ ጋ አለ።

ስለዚህ ሥዕሏን አትንኪባት፣ ቃሏንም አታርሚባት። ሦስትና አራት ዓመት ላይ ልጆች ሰው ሲስሉ ጭንቅላት ያደርጉና እግሩን በቀጥታ ከጭንቅላቱ ያወርዱታል። ይሄ ስህተት አይደለም፣ የዕድሜው አሳሳል ነው። "ሆዱስ የት አለ?" ብለሽ ከጠየቅሻት መሳል ታቆማለች። አንቺ መጀመሪያ ስለሽ ቀለም ብቻ እንድትቀባ ብታደርጊም ያው ነው፣ ያ ሥዕል ያንቺ ሆነ ማለት ነው።

ቃሏን ለማግኘት ደግሞ "ቲቸርን ለምን ትወጃታለሽ?" አትበያት። "ጎበዝ ስለሆነች" ትልሻለች፣ እሱም የሁሉም ልጅ መልስ ነው። የምታየውን ነገር ጠይቂያት። ስታለቅሺ ቲቸር ምን ታደርጋለች? ውሃ ሲደፋብሽ ምን አለችሽ? ስትስቅ ድምጿ እንዴት ነው? ከሁሉም ነገር ምን ታውቅበታለች? ወረቀት ፊት አስቀምጠሽ ሳይሆን ገላዋን ስታጥቢያት ወይ መንገድ ላይ ስትሄዱ ጠይቂያት። የመለሰችልሽን እዚያው ስልክሽ ላይ ጻፊው፣ እንዳለ። "ይሞቃል" ያለችውን "ደግ ናት" ብለሽ አትቀይሪው። ካርዱ ላይ አንቺ በጥሩ ጽሑፍ ትገለብጪዋለሽ፣ እሷ ስሟን ትጽፋለች። አንድ ፊደል ተገልብጦ ቢወጣም ይሁን።

ማተሚያ ቤት የሚሠራ አባት

ወረቀቱን ለኔ ተዉልኝ፣ ሥራዬ ነው።

ለማንኛውም ማተሚያ የሚሸጠው ተራ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ 80 ግራም ነው (በካሬ ሜትር ማለት ነው)። ለካርድ ይሳሳል፤ ቀለም ሲነካው ይኮማተራል፣ ቁም ብትሉትም አይቆምም። ከ200 እስከ 250 ግራም ያለውን ጠይቁ። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ልጅ ማጠፍ ያቅተዋል፣ መቀሱም ይከብደዋል። አንድ ኤ4 (210 በ297 ሚሊ ሜትር) ለሁለት ከቆረጣችሁትና እያንዳንዱን አንዴ ካጠፋችሁት ሁለት ካርድ ይወጣል። አንዱ 105 በ148 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለትንሽ እጅ የሚመች መጠን ነው። ለአምስቱ ካርድ ሦስት ወረቀት ይበቃችኋል።

ወፍራም ወረቀት ዝም ብላችሁ ካጠፋችሁት እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ማስመሪያ አስደግፋችሁ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመሩን ጫን አድርጋችሁ አስምሩበት። ከዚያ በመስመሩ እጠፉት፣ ቀጥ ብሎ ይታጠፋል። ሌላ ነገር ደግሞ፣ ወረቀት አቅጣጫ አለው። ሳታጥፉት በቁመቱም በወርዱም በቀስታ ለመጥ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ በአንዱ በኩል ቀለል ይላል። በዚያ በኩል ሲታጠፍ ነው የሚያምረው።

አሁን ዋናው ነገር። ልጅ በካርዱ ላይ በቀጥታ አይሥራ። እህቴ አምና ያለፋሽ አንዱ ይሄ ይመስለኛል፣ ሁሉ ነገር አንዱ ካርድ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሲበላሽ ልብሽ ይዘላል፣ እጇንም ትይዣታለሽ። አንድ ትልቅ ወረቀት መሬት ላይ ዘርጊላትና የፈለገችውን ያህል ትቀባው። አንድ ቀን፣ አንድ ወረቀት፣ ግማሽ ሰዓት ብትሠራ በቂ ነው። ሲደርቅ ከካርቶን ትንሽ መስኮት ቁረጪና ወረቀቱ ላይ እያንሸራተተች የምትወደውን ቦታ ራሷ ትምረጥ። አንቺ ትቆርጪላታለሽ፣ እሷ ካርዱ ላይ ትለጥፈዋለች። የእሷ ሁለቱም ካርድ ከአንዱ ወረቀት ይወጣል፣ ከእሷ እጅ ያልወጣ ነገር ደግሞ ካርዱ ላይ የለም።

የሁለት ልጆች እናት

ወንድሜ ይሄ የመስኮቱ ነገር! በጭራሽ አስቤው አላውቅም። አመሰግናለሁ። ቀለም ግን የቱን ልስጣት? አምና ሁሉን ቀለም ሰጥቻት አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ቡናማ ሆነ።

ማተሚያ ቤት የሚሠራ አባት

ሁለት ቀለም ብቻ ስጫት፣ ቢበዛ ሦስት። ሲቀላቀሉም የሚያምሩትን ምረጪ። ቢጫና ሰማያዊ ሲገናኙ አረንጓዴ ይሆናሉ፣ ቢጫና ቀይ ብርቱካናማ ይሆናሉ። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሦስቱም አንድ ላይ ሲገቡ ነው ወደ ቡናማ የሚሄደው። ስለዚህ አንድ ቀን ቢጫና ሰማያዊ፣ ሌላ ቀን ቢጫና ቀይ። የውሃ ቀለም ከሆነ ደርቆም ወረቀቱ መጎበጡ አይቀርም፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ ከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሩት። ለመለጠፍ ደግሞ ስቲክ ኮላ ነው የሚሻለው፣ ነጩ ፈሳሽ ኮላ ውሃ ስላለው ወረቀት ያኮማትራል።

የግራኟ እናት

ልጄ ግራኝ ናት። መቀስ ስትይዝ ሁልጊዜ ወረቀቱ ይታጠፍባት ነበር፣ እኔም እጇ ገና አልጠናም እል ነበር። ለካ ተራው መቀስ ስለቶቹ የተደራረቡት ለቀኝ እጅ ነው። በግራ ሲያዝ ስለቶቹ ይራራቃሉ፣ የሚቆረጠውም መስመር ይሸፈናል። የግራ እጅ መቀስ አገኘሁላትና በአንድ ሳምንት ሌላ ልጅ ሆነች። የእናንተም ልጆች መቀስ ላይ ከተቸገሩ በየትኛው እጃቸው እንደሚይዙ እዩልኝ።

መቀሱ ከመገኘቱ በፊት ግን ካርድ የሠራነው በመቅደድ ነው። ባለቀለም ወረቀት በጣቷ ትቀድዳለች፣ ቁርጥራጩን ትለጥፋለች፣ በቃ። የተቀደደ ጠርዝ ነጭ ነጭ ፀጉር ያወጣል፣ ከተቆረጠው ይልቅ ያምራል። ለአራት ዓመት ልጅ መቅደድ ደስታ ነው፣ "ቅደጂ" ብሎ የሚፈቅድላት ሰው ብዙም የለማ።

ሌላው የሻማ ዘዴ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ በነጭ ሻማ እንደፈለገች ትሳል፣ ምንም አይታይም። ከዚያ ቀጠን ያለ የውሃ ቀለም በላዩ ትቀባለች። ሰም ውሃ ስለማይቀበል የሳለችው ሁሉ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። ልጄ መጀመሪያ ያየችው ቀን ትንፋሿን ውጣ ቀረች። ከዚያ ሻማውን ደብቂ ቢባል እንኳ አትሰማም፣ ስድስት ወረቀት በተከታታይ ሠራች። ለቲቸሯ ስትሰጣት "ድብቅ ነገር አለው" ብላ በጆሮዋ ነገረቻት።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ካለ ዶቃና ትንንሽ የልብስ ቁልፍ ባይነካካ ይሻላል፣ አፍ ውስጥ ይገባል።

አዲስ አባት

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ትንሽ ብናግዝ ምን አለበት? ቲቸሯ እኮ የተከበረች ሰው ናት፣ የተዝረከረከ ወረቀት ሰጥቶ መሄድ ለኔ ይከብደኛል።

የኬጂ መምህርት

ወንድሜ፣ አግዝ። ያለ እገዛ አይሆንም። ጥያቄው የቱን ነው የምታግዘው ነው። ማስመር፣ ማጠፍ፣ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፣ የተናገረውን መጻፍ ያንተ ይሁን። መቀባት፣ መምረጥ፣ መለጠፍና መናገር የልጁ ይሁን። ካርዱ ቀጥ ብሎ ከታጠፈና ሥዕሉ ዙሪያውን ትንሽ ነጭ ቦታ ካገኘ የሁለት ዓመት ልጅ ጭረት እንኳ ክብር አለው። ክፈፍ ውስጥ እንደገባ ሥዕል ነው የሚታየው። የሚያስከብረው ያ ነጭ ጠርዝ ነው፣ እሱን አንተ ሥራለት።

ደግሞ ተዝረክርኳል ብላ የምታዝን መምህርት አላውቅም። እኔ የማዝነው ሃያ ካርድ አንድ ላይ ተቀብዬ ሃያውም "ስለ ሁሉም ነገር እናመሰግናለን" ብቻ ሲሉ ነው። የቱ ከማን እንደመጣ ስሙን ካላየሁ አላውቀውም።

ሌላም ነገር ልበል። ካርድ የግድ ለዓመቱ መጨረሻ መቆየት የለበትም። የዓለም የመምህራን ቀን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ኦክቶበር 5 ላይ ይከበራል። ቀኑ የተመረጠው ዩኔስኮና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ መምህራን መብትና ኃላፊነት ያወጡት ሰነድ የጸደቀበት ስለሆነ ነው። እኔ ግን ከሁሉም የማስታውሰው ምንም በዓል ባልነበረበት ተራ ሳምንት፣ ደክሞኝ ጉሮሮዬ ተዘግቶ በነበረበት ቀን የመጣውን ነው።

አያት ነኝ

ልጄ፣ ሁለት ሳምንት አለኝ ካልሽ ዛሬውኑ አበባ ልቀሙ። እኔ ከልጅ ልጆቼ ጋር የምሠራው ይሄን ነው። ስስ ስስ ያለውን አበባና ትንንሽ ቅጠል ሕፃኗ ራሷ ትምረጥ። ጠዋት ሳይሆን ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይሁን፣ እርጥብ ከሆነ ይሻግታል። በሁለት ነጭ ወረቀት መሐል አድርጊና ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ አስገቢው፣ በላዩ ሌሎች መጻሕፍት ጫኚበት። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። መሐሉ ወፈር ያለ አበባ አታድርጊ፣ ውስጡ ስለማይደርቅ ይጠቁራል። ሲወጣ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ስስ ነው፣ ስለዚህ ኮላውን ካርዱ ላይ ጠብ አድርጊና ልጅቷ አበባውን ከላይ ታስቀምጠው። ኮላ አበባው ላይ አይቀባም፣ ይበጣጠሳል።

መጽሐፉን በየቀኑ እንክፈተው ማለቷ አይቀርም። ንገሪያት፣ ሲከፈት ሲዘጋ ይሰበራል። የኔዎቹ ቀን መቁጠሪያ ላይ እየሰረዙ ነው የሚጠብቁት። ያ ጥበቃም ለቲቸር የሚሰጥ ነገር ነው።

የሁለት ልጆች እናት

እማማ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ልጄ ሦስት አበባና አንድ ሣር መዝገበ ቃላት ውስጥ አስገብታለች። ሣሩ ለረዳቷ ነው ብላለች፣ ምክንያቱን አልጠየቅኳትም። ለትልቁ ግን አሁንም መላ አጣሁ።

የሦስት ወንዶች እናት

ለእሱ እኔ አለሁ። መካከለኛው ልጄ ልክ እንደዚያው ነበር። ካርድ ማለት መጻፍና አበባ መስሎት ነበር። አንድ ቀን ሲከፈት ብቅ የሚል ካርድ አሳየሁት፣ በቃ ያን ቀን አለቀ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ወረቀት አጥፊ። እጥፋቱ ላይ ሁለት ትይዩ መስመር ቁረጡ፣ ርዝመታቸው እኩል ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር፣ በመካከላቸው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉ። ያንን የተቆረጠውን ቁራጭ ወደፊትም ወደኋላም አጥፋችሁ አለማምዱት። ከዚያ ወረቀቱን ገለጥ አድርጋችሁ ቁራጩን ወደ ውስጥ ግፉት። ካርዱ ሲከፈት እንደ ትንሽ ደረጃ ብድግ ይላል። የደረጃው ፊት ላይ የፈለገውን ሥዕል ይለጥፍበት፣ ሲዘጋ ይተኛል፣ ሲከፈት ይነሳል። ከውጭ ሌላ ወረቀት ለጥፋችሁ ቀዳዳውን ትሸፍናላችሁ። ሁለቱ መስመሮች እኩል ካልሆኑ ጠምዘዝ ይላል፣ እንግዲህ ይለካ። የሰባት ዓመት ልጅ ማስመሪያ ይዞ "ለምን ጠመመ?" እያለ ሲመረምር ማየት ደስ ይላል። ልጄ የሒሳብ መምህሩ ብድግ የሚሉበት ካርድ ሲሠራ አራቴ አበላሽቶ አምስተኛው ላይ ተሳካለት።

መጻፉን በተመለከተ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ግን ለእያንዳንዱ መምህር የተለየ ይሁን፣ "ከእርስዎ አሁን የማውቀው ነገር..." ብለሽ ጀምሪለትና እሱ ይጨርሰው። ሦስቱንም በአንድ ቀን አታስጽፊው። በቀን አንድ ካርድ፣ ከዚያ ሂድ ተጫወት።

የሁለት ልጆች እናት

ተመለስኩ፣ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ሁሉም አልቋል፣ ነገ ነው የሚሰጡት፣ እንዴት እንደሆነ ሳልነግራችሁ መተኛት አልቻልኩም።

ትንሿ በቢጫና በሰማያዊ ትልቁን ወረቀት ቀባች። መስኮቱን እያንሸራተተች ሃያ ደቂቃ ያህል ፈለገች። እኔ የወደድኩት ንጹሕ አረንጓዴ የወጣበት ቦታ ነበር፣ እሷ ግን ጣቷ ያንሸራተተበትን፣ አምስቱም የጣቷ መስመር የሚታይበትን ጥግ መረጠች። እጄን ሰብስቤ ዝም አልኩ። አበቦቹ ሁለቱ ደርቀው በደንብ ወጡ፣ አንዱ ጠቁሯል፣ እማማ እንዳሉት መሐሉ ወፍራም ነበር። ሣሩ ግን አረንጓዴነቱን እንደያዘ ነው።

ገላዋን ሳጥባት "ቲቸር ምን ታውቅበታለች?" አልኳት። አሰበችና "ስም አትረሳም" አለች። "ረዳቷስ?" ስላት "ተኝቼ ስነሳ እሷ አለች" አለችኝ። ሣሩ ለምን ለረዳቷ እንደሆነ ያኔ ነገረችኝ፤ ግቢ ውስጥ ሣር ላይ አብራት የምትቀመጠው እሷ ናት። አንድም ቃል ሳልቀይር ጻፍኩት።

ትልቁ ሦስቱንም ብድግ የሚሉ አደረጋቸው። ለስፖርት መምህሩ የጻፈው "ከእርስዎ አሁን የማውቀው ነገር ስሸነፍ እጅ መጨበጥ ነው" ይላል። ልጄ እንደዚህ እንደሚያስብ አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ ፖስታ። ልካቸው የሚሆን ቤት ውስጥ የለኝም፣ አሁን ደግሞ ሌሊት ነው።

ማተሚያ ቤት የሚሠራ አባት

እህቴ፣ ተራ ኤ4 ወረቀት ካለሽ ይበቃል፣ 80 ግራሙ ለዚህ ነው የሚሆነው። ወረቀቱን በቁመቱ ፊትሽ አድርጊ። ካርዱን መሐሉ ላይ አግድም አስተኚው። ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይተርፋል፣ ካርዱን ጠበቅ ሳታደርጊ ሁለቱንም ወደ ውስጥ እጠፊ። የታችኛውን ወደ ላይ አጥፊና ከጎንና ከጎን በስቲክ ኮላ ያዢው፣ ኮላው ከጠርዙ አይለፍ፣ ካርዱን እንዳይዘው። የላይኛው ክዳኑ ነው፣ እሱን አትለጥፊው። ብድግ የሚሉት ካርዶች ትንሽ ስለሚወፍሩ ለእነሱ ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር ለቀቅ አድርጊ። ክዳኑን ጠዋት ልጆቹ ራሳቸው ስቲከር ለጥፈው ይዝጉት።